አምቡላንስ እስኪደርስ ያሉት ደቂቃዎች የእናንተ ናቸው



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ስልካችሁ ላይ ሴቭ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የሚያስፈልጋችሁ ቀን ግን ፈልጋችሁ ለማንበብ ጊዜ ስለማይኖራችሁ ዛሬ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሐኪም ወይም ነርስ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ወጥ የተደፋበት ልጅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቃጠሎው ጋር ብቻ አይደለም። ቁስሉ ላይ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ድልህ፣ ቅቤ ወይም የተፈጨ ቡና ተለጥፎበት ነው። ቃጠሎው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ የተቀባውን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ልጁም ሁለተኛ ጊዜ ይሰቃያል። ቤት ውስጥ ግን በዚያ ሰዓት ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት ነበረ፤ እሱም ውሃ ነው።

ይህን የሚያደርገው ክፉ ሰው አይደለም። እናት ናት፣ አያት ናት፣ ደንግጦ የሮጠ ጎረቤት ነው። ችግሩ በድንጋጤ ሰዓት ሰው የሚያደርገው ሲደረግ ያየውን መሆኑ ነው። ያየነው ስህተት ከሆነ ደግሞ ስህተቱን እንደግመዋለን።

ስለዚህ የዛሬው መልእክቴ አንድ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ማለት ብዙ ነገር ማድረግ ማለት አይደለም። ጥቂት ትክክለኛ ነገር ማድረግ፣ የሚጎዳውን ደግሞ አለማድረግ ነው። ግማሹ ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው።

ከሁሉም በፊት፦ ሦስት ነገሮች

1. የራሳችሁን ደህንነት አረጋግጡ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትንኩ፤ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ አጥፉ። ጭስ የሞላበት ክፍል ውስጥ ዘላችሁ አትግቡ። መንገድ ላይ ከሆነ መኪና አስቁሙ። የሚረዳው ሰው ከወደቀ ተጎጂው ሁለት ሆነ ማለት ነው።

2. ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሰማል? ይተነፍሳል? ትከሻውን መታ መታ አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ ጥሩት። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ተመልከቱ። ለዚህ ከ10 ሰከንድ በላይ አትፍጁ። ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት መልሶች ነው።

3. ሰው አስደውሉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ 907 ነው። አዲስ አበባ ላይ የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ደግሞ 939 ነው። «አንድ ሰው አምቡላንስ ይጥራ!» ብላችሁ ለሰልፉ አትጩኹ፤ ሁሉም ሌላው የደወለ ይመስለዋል። አንድ ሰው በጣታችሁ እየጠቆማችሁ «አንተ ጥቁር ጃኬት የለበስከው፣ 907 ደውልና መልሱን ንገረኝ» በሉ።

ስትደውሉ አድራሻውን አሽከርካሪው በሚገባው መንገድ ተናገሩ። ሰፈሩን፣ በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ነዳጅ ማደያ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሳይቱን፣ የብሎክ ቁጥሩንና ፎቁን ጥቀሱ። አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ ይጠብቅ። አምቡላንስ ሰፈር ገብቶ ቤት ሲፈልግ የሚያጠፋው ደቂቃ በዚህ ይድናል።

ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

1. ቃጠሎ

በእኛ ቤት ቃጠሎ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጀበና፣ ከወጥ ድስት፣ ወለል ላይ ከተቀመጠ ከሰል ምድጃ፣ ለገላ ከተሞቀ ውሃ ነው። ከሚጎዱት ብዙዎቹ ደግሞ ገና መሄድ የጀመሩ፣ ያገኙትን የሚጎትቱ ሕፃናት ናቸው።

ቆዳ ሲቃጠል ሙቀቱ ወዲያው አይጠፋም። የጋለ ድስት ከምድጃ ላይ ከወረደም በኋላ እንደሚንተከተክ ሁሉ፣ ሙቀቱ ቆዳው ውስጥ ቀርቶ ወደ ታች መዝለቁን ይቀጥላል። የእናንተ ሥራ ያንን ሙቀት ማውጣት ነው። ለዚህ ደግሞ ከውሃ የሚሻል የለም።

አድርጉ፦
• የተቃጠለውን ቦታ በቀዝቃዛ፣ ግን በረዶ ባልሆነ፣ የሚፈስ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙ። 20 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ተመልከቱ። ወዲያው ቢሆን ይመረጣል፤ ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ቢሆንም ግን ይጠቅማል።
• ቀለበት፣ አምባር፣ ሰዓት፣ ጫማ ቶሎ አውልቁ፤ በኋላ ያብጥና አይወጣም። ትኩስ ፈሳሽ የነካውን ልብስም አውልቁ። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ካለ ግን አትጎትቱት፤ ዙሪያውን ቁረጡት።
• ከቀዘቀዘ በኋላ ንጹሕ፣ የማይቦጭር ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ምግብ የሚጠቀለልበት ንጹሕ ስስ ላስቲክም ይሆናል፤ አትጠምጥሙት፣ በላዩ ላይ ብቻ አንጥፉት።

«ውሃ ጠፍቶ ቢሆንስ?» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ ያላችሁ ብዙ ናችሁ። የጀሪካን ውሃ በጆግ እየቀዳችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ከሥሩ ሳፋ አድርጉና የወረደውን መልሳችሁ ተጠቀሙበት። እሱም ካነሰ ንጹሕ ጨርቅ እየነከራችሁ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ሕፃን ልጅ ከሆነ ደግሞ የምታቀዘቅዙት ቃጠሎውን ነው እንጂ ልጁን አይደለም። የቀረውን ሰውነቱን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑ።

አታድርጉ፦
• የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ድልህ፣ ቅቤ፣ ማር፣ ቡና፣ ዱቄት አትቀቡ። ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ጀርም ያስገባሉ፣ ሐኪሙ እንዳያይ ይጋርዳሉ። የጥርስ ሳሙና ሲቀባ ቀዝቀዝ የሚያደርግ ስሜት አለው፤ ያታለለን እሱ ነው። የሚቀዘቅዘው ስሜቱ እንጂ ቆዳው አይደለም።
• በረዶ አታስቀምጡ፤ የተጎዳውን ቆዳ ይጨምርበታል።
• ውሃ የቋጠረውን አታፍርጡ።

ሐኪም ቤት የሚያስኬደው የትኛው ነው? ከተጎጂው መዳፍ የሚበልጥ፤ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ የሆነ፤ ነጭ ሆኖ ወይም ጠቁሮ የማያም፤ በኤሌክትሪክ ወይም በኬሚካል የመጣ፤ እንዲሁም የሕፃናትና የአረጋውያን ቃጠሎ ነው። «አያምም» ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም። በጣም ጥልቅ ቃጠሎ ሕመም የሚያስተላልፉትን ነርቮች ስለሚያጠፋ ላያም ይችላል።

2. ማነቅ

ትልቅ ጉርሻ፣ በደንብ ያልታኘከ ሥጋ፣ ለሕፃን የተሰጠ ቆሎና ኦቾሎኒ፣ ሳንቲም። ሁሉም ጉሮሮ ሊዘጉ ይችላሉ።

መጀመሪያ ተመልከቱ። ሰውየው እየሳለ ወይም እየተናገረ ከሆነ አየር እየገባ ነው። በርታ እያላችሁ ሳሉን ይቀጥል፤ ውሃ አታጠጡት፣ ጀርባውንም አትምቱ። ድምፅ ካጣ፣ መሳል ካልቻለ፣ አንገቱን በእጁ ከያዘና ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ጊዜ የለም።

ለአዋቂና ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ፦
• ወደ ፊት አጎንብሱት። በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ የታችኛው ክፍል 5 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። በየምቱ መሃል ወጣ ወይ ብላችሁ እዩ።
• ካልወጣ ከኋላው ቆማችሁ እቀፉት። አንድ እጃችሁን ጨብጡና ከእምብርቱ በላይ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች አድርጉ። በሌላው እጃችሁ ያዙትና ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ሳቡ።
• እቃው እስኪወጣ ወይም ሰውየው ራሱን እስኪስት ድረስ 5 በ5 እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ራሱን ከሳተ መሬት ላይ አስተኙትና ቁጥር 7 ላይ ወዳለው ደረት መጫን እለፉ።

ሆድን የመጫኑን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀው ሄንሪ ሃይምሊክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ነፍሰ ጡር ወይም በጣም ወፍራም ሰው ከሆነ ግን ሆድ አይጫንም፤ በሆድ ምትክ የደረት መሃል ይጫናል። ሆዱ የተጫነ ሰው ደህና ቢሆንም እንኳ በኋላ ሐኪም ይየው።

ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን፦ ሆድ በፍጹም አይጫንም። በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፤ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ዝቅ ይበል፣ አገጩን ደግፉ። ጀርባውን 5 ጊዜ ምቱ። ከዚያ ገልብጣችሁ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ተጫኑ። እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ።

አታድርጉ፦ የማይታያችሁን ነገር ለማውጣት ጣታችሁን ጉሮሮ ውስጥ አትስደዱ፤ ጭራሽ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ሕፃን በእግሩ ዘቅዝቃችሁ አታራግፉ።

3. የሚጥል በሽታ፦ ክብሪቱን አስቀምጡ

መንገድ ላይ ሰው ወድቆ ሲንፈራገጥ መጀመሪያ የምንሰማው «ክብሪት! ክብሪት አምጡ!» የሚል ድምፅ ነው። አንዱ ክብሪት ለኩሶ አፍንጫው ላይ ያጨሳል፣ ሌላው ጥርሱን በማንኪያ ለመፈልቀቅ ይታገላል፣ ሦስተኛው እግሩን ይጫናል። ሌሎች ደግሞ አረፋው ይጋባል ብለው ይሸሻሉ።

ክብሪት የሚሠራ የመሰለን ለምንድነው? አብዛኛው እንዲህ ያለ መንዘፍዘፍ ማንም ሳይነካው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ያቆማል። ክብሪት ተፈልጎ፣ ተለኩሶ፣ አፍንጫ ላይ እስኪደርስ ያ ጊዜ አልፏል። ሰውነቱ ራሱ ለሠራው ሥራ ክብሪት ይመሰገናል። ጭሱ ግን በዚያ ሰዓት ለመተንፈስ የሚታገለውን ሰው ያፍነዋል፣ አፍንጫውንም ሊያቃጥለው ይችላል።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። በአረፋም ሆነ በመንካት አይተላለፍም።

አድርጉ፦
• ሰዓት ያዙ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ ማወቅ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።
• ከአስፋልት፣ ከእሳት፣ ከድንጋይ፣ ከውሃ አርቁት። ከጭንቅላቱ ሥር የታጠፈ ልብስ አድርጉ። ክራቫት፣ ሻሽ፣ የአንገት ቁልፍ ፍቱ።
• መንዘፍዘፉ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት። የላይኛውን ጉልበቱን አጠፍ፣ አፉን ወደ መሬት ዘንበል አድርጉ፤ ምራቅና ትውከት በራሱ ይፈስሳል።
• ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ አብራችሁት ሁኑ። ሲነቃ ግራ ይገባዋል፣ ያፍራልም። ሰልፉን በትኑለትና በቀስታ አናግሩት።

አታድርጉ፦ አፉ ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውሃም፣ መድኃኒትም አታስገቡ። ምላስ አይዋጥም። በኃይል ይዛችሁ መንዘፍዘፉን ለማቆም አትታገሉ።

ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ከደገመው፣ በሕይወቱ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ጉዳት ከደረሰበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች በፍጥነት ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። በነፍሰ ጡር ላይ የሚታይ መንዘፍዘፍ ከደም ግፊት ጋር የተያያዘ አደገኛ ሕመም ሊሆን ስለሚችል «ይለቃታል» ተብሎ አይጠበቅም።

ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆችን ትኩሳት ሊያንዘፈዝፋቸው ይችላል። እርዳታው ተመሳሳይ ነው፤ በጎን ማስተኛትና ሰዓት መያዝ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትንከሯቸው። ሲያቆምም የትኩሳቱ ምክንያት እንዲታወቅ ለሐኪም አሳዩአቸው።

4. መድማት

ደም ስታዩ አትደንግጡ፤ ተጫኑ። መልሱ በዚህ ያልቃል ማለት ይቻላል። ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላም ቢሆን፣ በቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ። ቢያንስ ለ10 ደቂቃ አትልቀቁ፤ «ቆመ እንዴ?» እያላችሁ በየደቂቃው ብትከፍቱት የረጋውን ደም ታነሱታላችሁ። ጨርቁ ደም ከጠጣ ሳታነሱት ሌላ ደርቡበት። ጓንት ከሌላችሁ እጃችሁን በንጹሕ ፌስታል ሸፍኑ።

ቡና አትነስንሱበት። ደሙን ያስቆመው ከመሰላችሁ በላዩ የጫናችሁት እጅ ነው ያስቆመው። የተሰካ ቢላ፣ ብረት ወይም መስታወት ካለ አትንቀሉት፤ ደሙን ደፍኖ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን ደግፋችሁ እንዳለ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ነስር ሲሆን ደግሞ ሁላችንም ያደግንበት «ቀና በል!» ስህተት ነው። ቀና ያለ ሰው ደሙን ይውጠዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሊያንቀውም ይችላል። ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ያጎንብስ፤ ለስላሳውን የአፍንጫ ክፍል በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይዞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በአፉ ይተንፍስ። ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ከሆነ ሐኪም ቤት።

የመኪና አደጋ የደረሰበትን ሰው በተመለከተ፦ እሳት ወይም ሌላ አጣዳፊ አደጋ ከሌለ በስተቀር እጅና እግሩን ይዛችሁ አታንሱት። አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ያ ማንሳት ዕድሜ ልኩን ሊያሽመደምደው ይችላል። ጭንቅላቱንና አንገቱን ባሉበት በሁለት እጅ ያዙ፣ የሚደማውን ተጫኑ፣ ባለሙያ ጠብቁ።

5. በረኪና፣ ላምባና የመሳሰሉት

በብዙ ቤቶች በረኪና የሚቀመጠው የት ነው? በባዶ ሃይላንድ ውስጥ፣ እቃ ማጠቢያው ሥር። ለሦስት ዓመት ልጅ ሃይላንድ ማለት ውሃ ነው።

ልጁ ጠጥቶ ስታገኙት ሁለት ነገር ወደ አእምሯችሁ ይመጣል፦ ማስመለስና ወተት ማጠጣት። ሁለቱንም ተዉ። በረኪናና የመሳሰሉት ሲገቡ ጉሮሮ ያቃጥላሉ፤ ስታስመልሱት ደግሞ ሲወጡ እንደገና ያቃጥላሉ። ላምባና ቤንዚን ሲመለሱ ወደ ሳንባ ይገባሉ፤ ከባድ የሳንባ ጉዳት የሚያመጡትም በዚህ መንገድ ነው። ወተት ደግሞ መርዝ አያረክስም። በግድ ሲጋት ትውከት ያመጣል፣ እናንተንም «አድርገናል» ብላችሁ ከመሄድ ያዘገያችኋል።

አድርጉ፦ አፉን በውሃ አጽዱለት፣ ቆዳው ላይ የፈሰሰውን በብዙ ውሃ እጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይኑን ቆብ ከፍታችሁ ለ15 ደቂቃና ከዚያ በላይ ውሃ አፍስሱበት። የጠጣውን ነገር ዕቃ፣ የመድኃኒት ከሆነ ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ። ደህና ቢመስልም ሂዱ። የፀረ ተባይ መድኃኒት ከሆነ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙና እጠቡ፤ ስታጥቡ ግን ጓንት ወይም ፌስታል አድርጉ፣ መርዙ በቆዳ ይገባልና።

ዐዋቂ ሰው ሆን ብሎ ጠጥቶ ከሆነም የሚደረገው ያው ነው። የምርመራና የወቀሳ ሰዓት አይደለም። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሕይወቱ ከተረፈ በኋላ፣ በፍቅር የሚጠየቅ ነው።

6. የከሰል ጭስ

ክረምት ሲገባ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ አራስ ቤት ሲሞቅ፣ ቡና ተፈልቶ ከሰሉ ለማሞቂያ ሲቀር የምንሰጋው ይህ ነው። «ከሰሉ ተቀጣጥሎ ጭሱ አልቋል፣ አሁን ችግር የለውም» ይባላል። እውነቱ ተቃራኒ ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭስ በማይታይበት ሰዓትም ይወጣል። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው፣ ሰው እየተነፈሰም አየር ያጣል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ጉልበት መክዳት ነው። ቤት ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ካመማቸውና ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ከሰሉን ጠርጥሩ።

አድርጉ፦ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ፣ ከሰሉንም አውጡ። የሚተነፍስ ግን ራሱን የሳተ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ካልተነፈሰ ወደ ቁጥር 7 ሂዱ። ሎሚ ማሽተት፣ ወተት ማጠጣት፣ ፊት ላይ ውሃ መርጨት ጋዙን ከደም አያወጣም። የሚያወጣው ንጹሕ አየርና ሐኪም ቤት የሚሰጠው ኦክስጅን ነው። መከላከያው ደግሞ አንድ ነው፤ ከሰል ሰው ከሚተኛበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ አያድርም።

7. የማይሰማና የማይተነፍስ ሰው

ይህ ከሁሉም የሚያስፈራው ነው፤ ነገር ግን ከሁሉም ቀላል ውሳኔ የሚጠይቀው ነው። ሰውየው አይሰማም፣ በወጉ አይተነፍስም? ደረቱን መጫን ጀምሩ። አልፎ አልፎ የሚያቃስት፣ አፉን ከፍቶ አየር የሚጎርስ የሚመስል ከሆነ እሱ ትንፋሽ አይደለም፤ ልብ ስትቆም የሚታይ ምልክት ነው። አትታለሉ።

ልብ ከቆመች አንጎል ያለ ኦክስጅን መጎዳት የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በከተማችን መንገድ በዚያ ፍጥነት የሚደርስ መኪና የለም። እናንተ ግን እዚያው ናችሁ።

• በጠንካራ ወለል ላይ በጀርባው አስተኙት፤ ፍራሽ ላይ አይሆንም።
• የአንድ እጃችሁን መዳፍ የታችኛውን ክፍል በደረቱ መሃል፣ በፍርምባው ላይ አድርጉ። ሌላውን እጅ ደርቡበት። ክርናችሁን አታጥፉ፣ ትከሻችሁ ከእጃችሁ በላይ ይሁን።
• ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እንዲጎደጉድ በክብደታችሁ ተጫኑ፣ ደረቱ እስኪመለስ ልቀቁ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ ሁለት ጊዜ ገደማ። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ።
• ያደክማል። ሌላ ሰው ካለ በየ2 ደቂቃው ተቀያየሩ። ባለሙያ እስኪደርስ ወይም ሰውየው መተንፈስ እስኪጀምር አታቋርጡ።

ካልሠለጠናችሁ ደረት መጫኑ ብቻ ይበቃል። የሠለጠነ ሰው ካለ ከ30 ጭነት በኋላ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ለሕፃናትና ውሃ ውስጥ ለሰጠመ ሰው ትንፋሹ በተለይ አስፈላጊ ነው።

«ብጎዳውስ?» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ያስቆማል። የጎድን አጥንት ሊሰበር ይችላል፤ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። ልቡ የቆመ ሰው ግን ዝም ብለን ካየነው የሚጠብቀው ሞት ነው።

8. በአጭሩ፦ እነዚህንም አትርሱ

• ራሱን ስቶ የወደቀ፣ ግን የሚተነፍስና ቶሎ የነቃ ሰው፦ በጀርባው አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፣ ዙሪያውን ከከበባ አስለቅቁ። ሽንኩርት አታሽቱት፣ ሳይነቃ ምንም አታጠጡት። በደቂቃ ውስጥ ካልነቃ በጎኑ አስተኝታችሁ 907 ደውሉ።
• የስኳር ሕመምተኛ አልቦት፣ ተንቀጥቅጦ፣ ንግግሩ ከተዛባ፦ መዋጥ ከቻለ ስኳር በውሃ ወይም ስኳር ያለው ለስላሳ መጠጥ ስጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታስገቡ።
• ፊት አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ካልታዘዘ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፦ ስትሮክ ነው ብላችሁ አስቡ። የጀመረበትን ሰዓት ያዙና ወዲያው ወደ ሆስፒታል። «ምች ነው» ብላችሁ አታሳድሩት።
• ደረት ላይ የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከላብ ጋር፦ አስቀምጡት፣ ደረጃ አታስወርዱት፣ በእግሩ አታስኬዱት፣ እርዳታ ጥሩ።

አምቡላንስ ዘግይቶ በታክሲ ለመሄድ ከተገደዳችሁ እርዳታው መኪና ውስጥም ይቀጥላል። ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ይተኛ እንጂ ቁጭ ብሎ አንገቱ አይንጠልጠል፤ የሚደማ ቁስል እንደተጫናችሁ ሂዱ።

ዛሬ ማታ የሚሠሩ አራት ነገሮች

ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ «ጥሩ ጽሑፍ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉ። ከመተኛታችሁ በፊት፦

1. 907 እና 939ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ልጆቻችሁንና የቤት ሠራተኛችሁንም አስይዙ፤ አደጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ቤት ያሉት እነሱ ናቸው።
2. በሃይላንድ ያለውን በረኪና ወይም ላምባ አንሱ። በራሱ ዕቃ፣ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ፣ በተቆለፈ ቦታ ይሁን።
3. የቆጣሪያችሁ ማጥፊያ የት እንደሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ በጨለማም ቢሆን ይወቅ።
4. በአንድ ካርቶን ንጹሕ ጨርቅ፣ ፋሻ፣ ጓንት፣ መቀስና የእጅ ባትሪ አዘጋጁ። ቤት ውስጥ የተለመደ የመድኃኒት አለርጂ ወይም ሕመም ካለ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ።

ጽሑፍ እጅን አያሠለጥንም። ደረት መጫንንና ማነቅን በትክክል ለመልመድ ሥልጠና ያስፈልጋል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የትምህርት ቤት ባለቤት ወይም የዕድር ሰብሳቢ የሆናችሁ ይህን አስቡበት። ዕድራችን ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ለመትከል ፈጣን ነው። ከአባላቱ አምስቱ ሰው ከመሞቱ በፊት ደረት መጫን ቢያውቁ የድንኳኑ ሥራ ይቀንሳል።

ይህ ጽሑፍ ሐኪም ቤት መሄድን አይተካም፤ እስክትደርሱ ያለውን ጊዜ ለመጠቀም ነው።

እናንተ ቤት የትኛው «መድኃኒት» ነው የሚታወቀው? ክብሪት? ድልህ? ወተት? በኮሜንት ጻፉልኝና እየተከታተልኩ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ለእናቶቻችንና ልጅ ለሚጠብቁልን ሼር አድርጉላቸው፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ አንብቡላቸው።